«ይሄ መቼ ተነገረን?» ለሚል አድማጭ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂውና ጓደኞቹ የድሮዎቹን የአሜሪካና የእንግሊዝ የሬድዮ መርማሪ ድራማዎች በኢንተርኔት ሲያዳምጡ ቆይተው፣ በአማርኛ የ25 ደቂቃ የግድያ ምርመራ ድራማ ሠሩ። ያዳመጡላቸው ሰዎች ሁለት ቅሬታ አቀረቡ፦ መሃል ላይ ማን የት ሆኖ ከማን ጋር እንደሚነጋገር ይጠፋል፤ መጨረሻ ላይ ገዳዩ ሲታወቅ ደግሞ «ይሄ መቼ ተነገረን?» ያሰኛል። የድሮዎቹ ደራሲዎች ያለ ምስል እንዴት ቻሉበት፣ እኛስ የቱ ጋ ሳትን ነው የሚሉት።

የሁለቱም ቅሬታ ምንጩ አንድ ነው። መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ግራ ሲገባው ገጹን መለስ ብሎ ያያል። ጆሮ ግን አንዴ ያመለጠውን አይመልስም፤ ዛሬ በስልክ ወደ ኋላ መመለስ ቢቻልም ሽንኩርት እየከተፈ ወይም መኪና እየነዳ የሚሰማ ሰው አያደርገውም። እነዚያ ደራሲዎች የጻፉት መመለስ በጭራሽ በማይቻልበት ዘመን ነው። ስለዚህ ሰውም፣ ቦታም፣ ፍንጭም ወደ ጽሑፋቸው የሚገባው አንድ ጆሮ አንዴ ሰምቶ ይዞት በሚቆየው ልክ ነበር። የእናንተን ጽሑፍ በዚህ ሚዛን መዝኑት።

ከቦታው እንጀምር። «ዩርስ ትሩሊ፣ ጆኒ ዶላር» በሚባለው ድራማ (ሲቢኤስ በተባለው የአሜሪካ የሬድዮ ድርጅት፣ ከ1949 እስከ 1962፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዋናው ሰው መቀመጫውን ሃርትፎርድ፣ ኮነቲከት ያደረገ የኢንሹራንስ መርማሪ ነው። ታሪኩን የሚተርከው የወጪ ሒሳቡን እያወራረደ ነው፤ ይህን ያህል ለታክሲ ከሆቴሉ እስከ ሟች ቤት፣ ይህን ያህል ለስልክ፣ ይህን ያህል ለምሳ ከምስክሩ ጋር። እያንዳንዱ የወጪ መስመር አድማጩን በአንድ ዓረፍተ ነገር አዲስ ቦታ ያደርሰዋል፤ ጊዜ ማለፉንም ይነግረዋል። በ1946 በጀመረው የሳም ስፔድ ድራማ መርማሪው ሪፖርቱን ለጸሐፊው ለኤፊ በቃል ያጽፋል። በሌላው የአሜሪካ ድርጅት በኤንቢሲ ጁን 1949 የጀመረው «ድራግኔት» ውስጥ ደግሞ ሳጅን ጆ ፍራይዴይ ገና ሲከፍት ቀኑን፣ አየሩን፣ ፈረቃውን፣ የተመደበበትን ክፍልና የባልደረባውን ስም ደረቅ አድርጎ ይዘረዝራል። ሦስቱም የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው። ተራኪው ለምን እንደሚተርክ ምክንያት አለው፣ የሚተርከውም ለታወቀ ሰው ነው። ምክንያት የሌለው ተራኪ «አሁን ወደ ሟች ቤት እያመራሁ ነው» ሲል እንደ ስብሰባ አስተናባሪ ይሰማል።

በአማርኛ ይህን ሥራ የሚሠራው የፖሊስ የምርመራ መዝገብ ነው። «ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። ካፊያ ይጥላል። የሟች ግቢ በለቀስተኛ ተሞልቷል።» ይኸው በቃ። ከ20 ቃል አትለፉ። ወዲያው ቦታውን የሚያረጋግጥ አንድ ድምፅ አስገቡ፤ ከዚያ የመጀመሪያው ተናጋሪ የሚያናግረውን ሰው በስም ወይም በማዕረግ ይጥራ። እነዚህ ሦስቱ በዚህ ቅደም ተከተል ከገቡ አድማጩ 15 ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ የት እንዳለ ያውቃል።

የሰው ብዛት ሌላው ችግር ነው። በአንድ ትዕይንት ከሦስት ድምፅ በላይ አታስገቡ፤ በጠቅላላው ከአምስት ወይም ከስድስት አይብለጥ። አራተኛ ሰው ክፍሉ ውስጥ ዝም ብሎ ቆሞ ከሆነ ለአድማጩ የለም፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ድንገት ሲናገር ከመሬት የወጣ ይመስላል። የግድ መኖር ካለበት በየ30 ሰከንዱ ይሳል፣ ወንበር ያንቀሳቅስ፣ «እህ» ይበል። ስም ስትሰጡ በፊደሉ ሳይሆን በዜማው አነጻጽሩ። ከበደና አበበ ወረቀት ላይ የተለያዩ ናቸው፤ ጆሮ ላይ ግን መንትያ ናቸው። ከበደ፣ ዮሐንስና ሙሉነሽ ይለያያሉ። ድምፅም እንዲሁ፤ ሁለት ወፍራም ድምፅ ያላቸው ወንዶች ተጠርጣሪ ከሆኑ አንዱን ቀይሩ፤ ወይም አንዱ ቸኩሎ ሌላው እየጎተተ ይናገር።

አማርኛ እዚህ ላይ ለእንግሊዝኛ ያልተሰጠ ጸጋ አለው። መርማሪውን ዘበኛው «ጌታዬ»፣ የሟች እናት «ልጄ»፣ አለቃው «አንተ»፣ የሠፈር ልጅ «ጋሼ» ካሉት ስሙ ሳይጠራ እንኳ ማን እንደተናገረ ይታወቃል። ይህን አጠራር ከመጀመሪያ ገጽ እስከ መጨረሻው አታዛንፉት። አንዴ «እርስዎ» ያለው ሰው ያለ ምክንያት «አንተ» ካለ አድማጩ አዲስ ሰው የገባ ይመስለዋል።

ስለ ድምፅ ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት፣ ድምፅ ብቻውን ብዙ ነገር የማይናገር መሆኑ ነው። የጎማ ሲጢጥታ፣ የበር ሲጢጥታና የአሮጌ አልጋ ሲጢጥታ ተመሳሳይ ናቸው። ቃል ቀድሞ ስም ሲሰጠው ነው ድምፁ ምስል የሚሆነው። የዚህ ምርጥ ማስረጃ በሲቢኤስ «ሰስፔንስ» ፕሮግራም ሜይ 25 ቀን 1943 የተላለፈው የሉሲል ፍሌቸር «ሶሪ፣ ሮንግ ነምበር» ነው። ከአልጋዋ የማትነሳ ሴት ባሏን ለማግኘት ስትደውል መስመር ይጠላለፍና ሁለት ሰዎች ግድያ ሲያቅዱ ትሰማለች። ሰዓቱ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ከሩብ ነው፤ ያን ጊዜ ባቡር በድልድዩ ላይ ስለሚያልፍ ጩኸት አይሰማም ይባባላሉ። ልብ በሉ፤ ባቡሩ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በቃል ተነገረ፣ ምክንያቱም ተነገረ። ከዚያ በኋላ ደራሲዋ ምንም ማስረዳት አያስፈልጋትም። መጨረሻው ላይ ባቡሩ ሲቃረብ አድማጩ ራሱ ሰዓቱን ይቆጥራል። አግነስ ሙርሄድ ሴትዮዋን ሆና የተጫወተችው በአብዛኛው ከስልክ ጋር ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሰዎች የስልክ ድምፅ ናቸው፤ ስለዚህ «ማን የት ነው?» የሚለው ጥያቄ አንድም ጊዜ አይነሳም። ይህን ድራማ እስክሪብቶ ይዛችሁ ሁለት ጊዜ ስሙት፤ በመጀመሪያው ስሜቱን፣ በሁለተኛው እያንዳንዱ ድምፅ ከመሰማቱ በፊት በቃል የተጠቀሰበትን ደቂቃ እየጻፋችሁ።

ያው ስርጭት ሌላም ትምህርት አለው። መጨረሻው አካባቢ አንድ ተዋናይ ተራውን ስቶ ስለነበር ብዙ አድማጭ ፍጻሜው ሳይገባው ቀረ፤ በቀጥታ ስርጭት ያለፈ አለፈ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ የተሸከመችው ፍጻሜ አደገኛ ነው። ገዳዩን የሚያስታውቀው ቃል ከ10 ሰከንድ በኋላ በሌላ አፍ፣ በሌላ አነጋገር መደገም አለበት።

ወደ ማይክሮፎኑ ስንመጣ፣ በዚያ ዘመን ስቱዲዮዎች ብዙ ይሠራበት የነበረው አርሲኤ 44 የተባለው ባለ ሪበን (ቀጭን የብረት ጥብጣብ ያለው) ማይክሮፎን ከፊትና ከኋላው እኩል ይሰማል፤ ሁለቱ ጎኖቹ ግን ደንቆሮ ናቸው። ተዋንያን ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ቆመው ይነጋገራሉ። አንዱ ከክፍሉ ሲወጣ እየተናገረ ወደ ደንቆሮው ጎን ይዞራል፤ አድማጩ ርቆ ሲሄድ ይሰማዋል። ዛሬ በብዛት የሚገኘው ካርዲዮይድ ማይክሮፎን የማይሰማው ከኋላው ብቻ ስለሆነ ያንኑ ለማግኘት ርቀት መጠቀም ይቀላል። ወለሉ ላይ በፕላስተር ሦስት ምልክት አድርጉ። ለትረካና ለውስጥ ሐሳብ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ለተራ ንግግር 40፣ ከበር ለሚገባ ሰው አንድ ሜትር ተኩል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ። ተዋናዩ እየተናገረ ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው ምልክት ይራመድ። ሁሉም አንድ ቦታ ቆሞ ቀድቶ በኋላ በኮምፒውተር ድምፅ መቀነስ አይሠራም፤ የራቀ ሰው ድምፁ ማነሱ ብቻ አይደለም፣ የክፍሉ ማስተጋባት ይጨመርበታል። ጆሮ ይህን ልዩነት ወዲያው ይይዛል።

ቀረጻው ክፍል ባዶ ከሆነ በተዋናዩ ጀርባና ጎን ብርድ ልብስ ወይም ፍራሽ አቁሙ። ጽሑፉን በስቴፕለር አትስፉት፤ ነጠላ ገጽ ያዙና አንብባችሁ ስትጨርሱ ወደ ጎን አውርዱት። ወረቀት ሲገለጥ የሚሰማው ድምፅ በሟች ቤት ውስጥ ምንም ምክንያት የለውም። የስልክ ድምፅ ለማውጣት ከ300 ኸርትዝ በታችና ከ3,400 ኸርትዝ በላይ ያለውን ቁረጡ፤ መደበኛ ስልክ የሚያስተላልፈው ይህንኑ ነው።

የድምፅ ሥራ ላይ አንድ ነገር ብቻ በቅርብ ላሳያችሁ፤ በር። ጀማሪ «ጓ» የሚል መዝጊያ ብቻ ያስገባና ይበቃል ይላል። በር ግን አራት ድምፅ ነው፦ እጀታው ሲዞር፣ ሳንቃው ከመቃኑ ሲላቀቅ፣ ከወዲያ ያለው ክፍል ወይም ውጭው ሲገባ (ዝናብ፣ መንገድ፣ ለቅሶ)፣ ከዚያ ሲዘጋና ያ ሁሉ ሲቋረጥ። ሦስተኛው ነው ቦታ የሚሰጠው፤ የሚዘነጋውም እሱ ነው። የድሮ ስቱዲዮዎች ለዚህ ብቻ በእንጨት ፍሬም የተሠራ፣ ልዩ ልዩ ቁልፍና መወርወሪያ የተገጠመለት ትንሽ በር ነበራቸው። አናጢ ቤት የተጣለ የቁም ሳጥን በር ከነማጠፊያው ብታገኙ ይሠራላችኋል።

ሌላው በፍጥነት። እግር ለማሰማት ጠጠር የሞላ ሳጥን፣ ጣውላና የሲሚንቶ ንጣፍ፤ የሚራመደው ሰው ቦታው ላይ ቆሞ ይረግጣል። ዝናብ በቆርቆሮ ጣራ ላይ ከሆነ ሩዝ በብረት ትሪ ላይ ቀስ ብሎ ማፍሰስ፤ እሳት የስጦታ መጠቅለያ ሴሎፎን መጨበጥ፤ የቢላ ምት ጥቅል ጎመን። የጥይት ድምፅ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ማይክሮፎን አጠገብ የተፈጠረ ፍንዳታ ከሚችለው በላይ ስለሚሆንበት ተቆርጦ እንደ ጭብጨባ ይወጣል። ለዚህ ነው ያኔም ሽጉጡን ከማይክሮፎኑ አርቀው ይተኩሱ የነበረው፤ ወይም በምትኩ ቀጭን ጠፍጣፋ እንጨት በቆዳ ትራስ ላይ በኃይል ይመቱ የነበረው። ሁለተኛውን አድርጉ፤ ከሁለት ሜትር ርቀት። በመቅጃው የድምፅ መለኪያ ላይ ንግግሩ ከፍ ሲል ከ−6 ዴሲቤል እንዳያልፍ አድርጋችሁ ከያዛችሁ ለምቱ ቦታ ይተርፋል። ደግሞም ከጥይቱ ይልቅ ቀጥሎ የሚመጣው ጸጥታ ያስደነግጣል። ያ ጸጥታ ባዶ ፋይል እንዳይሆን የእያንዳንዱን ክፍል ዝምታ ሰው ሳይናገር 60 ሰከንድ ቅዱና ከሥሩ አስቀምጡ። ሙሉ በሙሉ ባዶ የሆነ ሦስት ሰከንድ አድማጩን «ተቋረጠ እንዴ?» ያሰኘዋል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ፍንጩ። ለጆሮ የሚሰጥ ፍንጭ ሦስት ጊዜ መሰማት አለበት። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም የቤት ነገር፤ ሁለተኛ ጊዜ ጠብ ወይም ለቅሶ ሊጀምር ሲል፣ ጆሮ ወደዚያ ሊሄድ ሲል፤ ሦስተኛ መርማሪው ሲፈታው። አንድ ጊዜ ብቻ የተነገረ ፍንጭ ለአድማጭ ያልተነገረ ነው፤ «መቼ ተነገረን?» ያላችሁ ሰው ትክክል ነው። በተለይ የሌለ ነገር ፍንጭ ሲሆን ይከብዳል። በ1892 የታተመው የሼርሎክ ሆምስ የፈረሱ ታሪክ የሚፈታው ውሻው ሌሊት ባለመጮሁ ነው፤ የገባውን ሰው ያውቀው ነበር ማለት ነው። ወረቀት ላይ ያምራል፤ ለሬድዮ ግን ያልጮኸ ውሻ አይሰማም። ቀድማችሁ ለፖስተኛውም ለጎረቤቱም ሲጮህ አሰምታችሁ፣ አንድ ሰውም «ይሄ ውሻ እኮ ለማንም አይመለስም» ብሎ ካላማረረ በቀር ዝምታው ፍንጭ አይሆንም።

ከእንግሊዝኛ ድራማ ሐሳብ ወስዶ ወደ አማርኛ የሚያመጣ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ግሱ ነው። እንግሊዝኛ ገዳዩን ወንድ ይሁን ሴት ሳይናገር 25 ደቂቃ ሊሄድ ይችላል። አማርኛ «ገደለው» ወይም «ገደለችው» ብሎ ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግማሹን ተጠርጣሪ ነጻ ያወጣል። መርማሪው ሳያስብ «መስኮቱን ከፍቶ ነው የገባው» ካለና ገዳይዋ ሴት ሆና ከተገኘች አድማጩ ተታለልኩ ይላል፤ እውነቱን ነው። መፍትሔው ድርጊቱን በነገሩ በኩል መናገር ነው፦ «መስኮቱ የተከፈተው ከውስጥ ነው»፣ «ሥራው የአንድ ሰው ነው»፣ «ቢላው ታጥቧል»። ከጽሑፋችሁ ውስጥ ስለ ገዳዩ የሚናገሩትን ግሶች በሙሉ በቀይ አስምሩና አንድ በአንድ ፈትሹ።

ያው ጉድጓድ ግን ለምንጭነትም ያገለግላል። አማርኛ ለብዙ ሰውና ለአንድ አንቱ ለሚባል ሰው አንድ ዓይነት ግስ ነው የሚጠቀመው። ይህን ተመልከቱ፦

መርማሪ፦ ማታ ሰው ገብቶ ነበር?

ዘበኛ፦ ሦስት ሰዓት ግድም መጡ። በሩን እኔው ነኝ የከፈትኩላቸው።

መርማሪ፦ እነማን ናቸው?

ዘበኛ፦ እንጃ፣ ፊታቸውን አላየሁም፤ በጋቢ ተሸፋፍነው ነበር። ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ወጡ።

(ከውስጥ የሟች እናት ለቅሶ ይነሳል።)

መርማሪው መዝገቡ ላይ «ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች» ብሎ ይጽፋል። የመጣው ግን አንድ ሽማግሌ፣ ወይም አንዲት አሮጊት ነው። ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አልተነገረም፣ ቁጥርም አልተነገረም፣ ዘበኛውም አልዋሸም። ለአድማጩ ፍትሐዊ እንዲሆን ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ዘበኛው ቀደም ባለ ትዕይንት ስለ ወጣት እንግዳ ሲናገር «አንዱ መጥቶ ቆጣሪ አንብቦ ሄደ» ይበል፤ አንቱታን ለአዛውንት ብቻ እንደሚሰጥ ጆሮ ይመዘግባል። ሁለተኛ፣ ከተጠርጣሪዎቹ መካከል ዘበኛው አንቱ የሚለው አንድ ሰው ብቻ ይኑር። ለቅሶው የገባው መርማሪው «ስንት ነበሩ?» ብሎ እንዳይጠይቅ ነው፤ መጨረሻ ላይ ራሱ «ስንት እንደሆኑ አልጠየቅኩትም» ብሎ ሲናገር ሁሉ ነገር ይፈታል። ዘበኛውን የሚጫወተው ሰው «መጡ» የሚለውን ቃል እንዳያጎላው አደራ። ይህ በአንቱታ ላይ የቆመ ፍንጭ በእንግሊዝኛ አይሠራም፤ አማርኛ እንዲህ ዓይነት ብዙ አለው።

ስለ ርዝመት። የአሜሪካ የንግድ ጣቢያዎች «ግማሽ ሰዓት» የሚሉት 29 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነበር፤ ቀሪው ለጣቢያው ስም ነው። ማስታወቂያው ሲወጣ ለታሪኩ 25 ደቂቃ ግድም ይቀራል። ለጦር ሠራዊቱ ሬድዮ በተባዙት ቅጂዎች ማስታወቂያው ወጥቶ ሙዚቃ ስለገባ፣ በምታዳምጡት ፋይል መሃል ላይ ያለምክንያት ረዝሞ የሚሄድ ሙዚቃ ብትሰሙ የድራማው አሠራር አይምሰላችሁ። ለመሸጋገሪያ ከሦስት እስከ አምስት ሰከንድ የክራር ወይም የማሲንቆ ሐረግ በቂ ነው፤ የታወቀ ዘፈን ግን አይሁን፣ ግጥሙ የአድማጩን ሐሳብ ይዞበት ይሄዳል። ለ25 ደቂቃ መነሻችሁ 2,000 ቃል ይሁን፤ ከዚያ በተዋንያናችሁ አንደበት በሰዓት ለክታችሁ አስተካክሉት። ታሪኩ አልበቃ ካለ አትጨቁኑት። ኦክቶበር 1955 ተዋናይ ቦብ ቤይሊ የጆኒ ዶላርን ቦታ ሲይዝ ድራማው አንዱን ጉዳይ በሳምንት አምስት ቀን በ15 በ15 ደቂቃ መተረክ ጀመረ፤ ከግማሽ ሰዓቶቹ ሁሉ የሚበልጡት እነዚያ ናቸው፤ ተጠርጣሪዎቹ ሰው ለመሆን ጊዜ አግኝተዋል። የአማርኛ አድማጭም ተከታታይ ድራማ በትዕግሥት ይከታተላል፤ የሬድዮ ድራማው «የቀን ቅኝት» ከ2002 እስከ 2004 በ257 ክፍል ነው የተላለፈው።

ስትቀዱ ድምፅ ሠሪውንም ተዋንያኑንም አንድ ክፍል አስገብታችሁ ትዕይንቱን ከዳር እስከ ዳር አንዴ ቅዱ። እያንዳንዱ ተዋናይ ቤቱ ሆኖ የየራሱን ከላከ ማንም ማንንም አይሰማም፤ መልሱ ከጥያቄው ጋር አይገጥምም። መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ንባብ፣ ከዚያ ማይክሮፎን ላይ ያለ ድምፅ፣ ከዚያ ከነድምፁ በሰዓት፣ ከዚያ ቀረጻ።

የመጨረሻውን ፈተና «ኤለሪ ኩዊን» ከሚባለው የመርማሪ ድራማ ውሰዱ። በ1939 በሲቢኤስ የጀመረው ይህ ድራማ መፍትሔው ሊነገር ሲል ይቆምና ስቱዲዮ የተጋበዙ ሰዎች ገዳዩን እንዲገምቱ ይጠየቁ ነበር። እናንተም ታሪኩን ለማያውቁ አምስት ሰዎች ለየብቻቸው፣ በስልክ ስፒከር፣ አንድ ጊዜ ብቻ አሰሙና 20ኛው ደቂቃ ላይ አቁሙት። ገዳዩ ማን ነው ብቻ አትበሏቸው፤ «ምን ሰምተህ ነው?» በሏቸው። አምስቱም ካወቁት ሁለተኛውን የፍንጭ ቦታ ከጠቡ ወይም ከለቅሶው ሥር ቅበሩት። አንድም ሰው ካላወቀው፣ መፍትሔውን ካሰማችሁ በኋላ ፍንጩ የተነገረበትን ትዕይንት ያስታውሱ እንደሆነ ጠይቁ። ካስታወሱ ድራማው ደርሷል። ካላስታወሱ ፍንጩን ወደ ትዕይንቱ የመጀመሪያ ወይም የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር አውጡትና ለሌላ አምስት ሰው አሰሙ።